የሐሙስ መጥበሻ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

አንዋር ከጅቡቲ ገባ። ሁለት ኪሎ ተኩል ሽሪምፕ የሚሉት የባሕር ፍጥረት፣ በረዶው ገና ያልቀለጠ። የከባድ መኪናውን ጥሩንባ ሦስት ጊዜ ሲነፋ እኔ የአንድ ሆቴል ፍሪጅ ገልብጬ ከጀርባው ተንበርክኬ ነበር። መፍቻዬን ጣልኩና ተነሣሁ። የሆቴሉ ሰው "ወዴት ነው ጋሽ ሣህሌ?" ሲለኝ "ልቅሶ" አልኩት። አንዋር ሽሪምፕ ይዞ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ነው። በዚህ አያያዝ እኔ በዓመት ሃያ ስድስት ዘመድ እቀብራለሁ።

አብዱልጀሊል የእህል መጋዘኑን ግማሽ በር ዘግቶ፣ ቡታጋዙን ለኩሶ ይጠብቀኛል። ከማሽላ ጆንያዎቹ ጀርባ ሁለት መቀመጫ ዱካ፣ አንድ መጥበሻ። ወደዚያ ያባረሩን ሚስቶቻችን ናቸው። የኔዋ ብርቄ "ክንፍና ቅርፊት የሌለው ተከልክሏል፤ ይኸ ደግሞ ትል ነው" ትላለች። የሱዋ ፋጡሜ ሃይማኖት አላነሳችም፤ ሽታውን ነው የጠላችው። "ወይ እሱ ወይ እኔ" ብላዋለች። ጀሊል እሷን ቤት አስቀመጠና እሱን መጋዘን አስገባው።

ዛሬ ግን ዱካው ሦስት ነበር።

ሦስተኛው ላይ የተቀመጠው ሙህዲን ይባላል። ጄዳ ዓሣ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ምግብ ሲሠራ ኖሮ የተመለሰ፣ አሁን ከመናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት የከፈተ፣ አርባ ዓመት የሆነው ሰው። ጀሊል "ያ ሣህሌ፣ ኮቱ፣ ና! ሰው አመጣሁልህ" አለኝ። ሰው ጠይቄው ነበር? ቢሆንም እንግዳ ክብር ነው። ቀለድኩለት፣ ሳቀ። "ጄዳ" የሚል ስም አወጣሁለት፣ በሱም ሳቀ።

ከዚያ ከኪሱ ስቴኪኒ አውጥቶ የሽሪምፑን ጀርባ ወጋና አንድ ጥቁር ክር መዘዘ። "ጋሼ፣ ይቺ አንጀቱ ናት። ቆሻሻ ናት፤ ትወጣለች።"

ይኸን ሁሉ ዘመን አንጀቱን ስንበላ ኖረናል ማለት ነው። ጀሊል አፉን ከፍቶ ያየው ነበር፤ ከመሬት ወርቅ ሲመዘዝ እንደሚያይ ሰው።

ጥቅምት 7

ሙህዲን ጥሩ ሰው ነው። ምንም እንከን አይወጣለትም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ይህ ደብተር ከፊት የፍሪጅ በሽታ የምመዘግብበት ነው። ከኋላ የራሴን እጽፋለሁ። ሰሞኑን የኋላው ገጽ ወደፊቱ እየገሰገሰ ነው።

መሲ፣ እኛ ዘንድ ሆና አንደኛ ደረጃ የምታስተምረው የእህቴ ልጅ፣ ምሳ ላይ "አጎቴ፣ አንተና አባ ጀሊል ግን በምን ተዋወቃችሁ?" አለችኝ።

"እስር ቤት።"

"ውይ! በምን ወንጀል?"

"እሱ በግመል ስርቆት፣ እኔ ግመሏ ስለመሰከረችብኝ።"

ብርቄ "ልጅቷን አታሳብዳት" አለች። ሳቁ። እውነቱን ግን ነግሬያት አላውቅም። እዚህ ልጻፈው።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት አሰብ ወደብ ላይ ነበርን። እኔ የበረዶ ቤቱን ማሽን ሰው ሳያስተምረኝ፣ እየፈታሁ እየገጠምኩ፣ ሁለት ጊዜ ኤሌክትሪክ እየጣለኝ የተማርኩ። እሱ ጆንያ ቆጣሪ። እሱ የጨፋ ገበሬ ልጅ፣ እኔ ከሚሴ የተወለድኩ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ። እዚህ ከሚሴ አንድ ቀን እንኳ ገበያ ላይ ሳንተያይ አድገን፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠን ሄደን ተዋወቅን።

ምሳ ሰዓት ላይ ሠራተኛው ለሁለት ይከፈላል። የክርስቲያን ሥጋ እዚህ፣ የእስላም ሥጋ እዚያ። የኛ አገር ሰው ሁሉን ነገር አብሮ ያደርጋል፤ ይጋባል፣ ይቀባበራል፣ ይማማላል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሳህኑ ይለያል። ማንም አይከፋበትም፤ እንደ መሸ እንደ ነጋ ያለ ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ የየመን ዓሣ አጥማጅ አንድ ባልዲ ሽሪምፕ እግራችን ሥር አፈሰሰ። ጀሊል አየው፣ እኔም አየሁት።

"ይኸን ማን አረደው?" አልኩት።

"ማንም" አለኝ።

አስቡት እስቲ! ካራ የለ፣ በስመ አብ የለ፣ ቢስሚላህ ብሎ ያረደ የለ። ከአንድ መጥበሻ በላን። ከጀሊል ጋር በአንድ ዕቃ ሥጋ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ዛሬም ከዚህ ሌላ የለንም። በሠርጌ ለት እንኳ የእስላም በግ ለብቻ ታርዶለት፣ እኔ ሙሽራው ከሩቅ ሆኜ "ብላ እንጂ!" እያልኩ ነው የዋልኩት።

ከአሰብ ስንመለስ መጥበሻውን ይዘነው መጣን። ደንቡ ይኸ ነው፦ ከመጋዘኑ አይወጣም፣ ከሽሪምፕ በቀር ምንም አይጠበስበትም። ስለዚህ እሱም ያምነዋል፣ እኔም አምነዋለሁ። ሽሪምፕ የሚያመጣልን ጠፍቶ ብዙ ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር እንኳ ማንም እንቁላል አልሰበረበትም።

በነሐሴ ዘይቱ ተገልብጦ እጄን ያቃጠለኝ የእጀታው ጥፋት ነው። ላልቷል። ለጀሊል ነግሬዋለሁ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ የጠበሰው ሙህዲን ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አንድ ከጄዳ ያመጣው ቅመም። እኔ እጄን አጣጥፌ እንደ ሙሽራ ተቀመጥኩ። የኔ አጠባበስ ዘይትና ሚጥሚጣ ነው፤ ሌላ አላውቅም፣ ሌላም አያስፈልግም ነበር።

ጀሊል የመጀመሪያውን ለኔ አጎረሰኝ። ዓይኑ ግን ሙህዲን ላይ ነበር።

ከዚያ ጣቱን እየላሰ "ሣህሌ፣ እስከ ዛሬ የበላነው ምንድን ነው ታዲያ?" አለ።

ከሦስታችን አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ሙህዲን ፍሪዘሩ ተበላሽቶበት ጠራኝ። "ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል" ብዬ ብነግረው ያምነኛል። ልለውም አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ማሽኑ እየተንገጫገጨ ሲያቃስት መስማት አልቻልኩም። በአንድ ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ብሎኖቹ ጥቃቅን ናቸው፣ መብራቱም ደካማ ነው። ሙህዲን ሁለቱን ከወለል ለቅሞ ሰጠኝ።

እጄ ምቀኝነት አያውቅም። ሌላው ሰውነቴን እንጃ።

ጥቅምት 27

ጀሊልና ሙህዲን ሙህዲን ቤት የበግ ጥብስ ሲበሉ ታዩ አሉ።

ብርቄን "የበግ ጥብስ አሉ" አልኳት።

"ታዲያ አንተ ምን አገባህ? ሊያጎርሱህ ነው?"

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ በግ ይበላሉ፣ ፍየል ይበላሉ፣ ሲያሰኛቸው የግመል ሥጋ ይበላሉ። ከኔ ጋር ጀሊል የሚበላው አንድ ነገር ነው። ዓለሙ ሁሉ ተሰጥቷቸው ሳለ ይኸን የኔን አንድ ለምን ይጨምሩታል?

ይህን ገጽ እቀደዋለሁ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ሆን ብዬ አርፍጄ ሄድኩ። ጀምረዋል።

"ጠበቅንህ እኮ" አለ ጀሊል። ድርሻዬን በሳህን ከድኖ አስቀምጦልኛል፤ ትልልቆቹን። "በልቼ ነው የመጣሁት" አልኩት። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ብቻ ነበር የቀመስኩት።

ቁጭ ብዬ ስለ ስደት ተመላሾች አንድ ቀልድ አወራሁ፤ ሻንጣ ሙሉ ሽቶ ይዞ መጥቶ እግሩን መታጠብ ስለረሳው። ሙህዲን አልሳቀም። ዱካውን ይዞ መጥበሻውን ሊያጥብ ወጣ። ጀሊል ዝቅ ባለ ድምፅ "ሣህሌ፣ ቀልድህ ዛሬ ጥርስ አብቅሏል" አለኝ።

ርቦኝ ቤት ገባሁ። ብርቄ ሽሮ አቀረበች። "ዛሬ ትሉ አልመጣም እንዴ?" አለች።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ጀሊል ሰንበቴ ከተማ ገበያ ወረደ። የመጋዘኑ ሁለተኛ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እሱ ነው የሰጠኝ።

መጥበሻውን አመጣሁት። እጀታው መጠገን አለበት። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለም። ጋዜጣ ጠቅልዬ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት።

ሊጠግን የወሰደ ሰው ለምን በጓሮ በር ይገባል ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ የፊት በሩ ጭቃ ነበር።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ጀሊል ሱቄ ድረስ መጣ። ሰላምታውን እንኳ አላስረዘመም።

"መጥበሻችን የለም።"

"ምን ማለት ነው የለም?"

"የለም ማለት ነው። ጆንያውን ሁሉ አነሣሁ። ሐሙስ ማን ነበር ያጠበው?"

"ጄዳ ነዋ።" ይኸ እውነት ነው። ከዚያ ጨመርኩ፦ "እሱ ጥሩ ዕቃ ያውቃል።"

"ቀልድ ነው እንዴ ሣህሌ?"

እዚህ ላይ "አዎ ቀልድ ነው፤ እዚህ ከጠረጴዛው ሥር ነው፣ ውሰደው" ማለት ነበረብኝ። አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ቃል አልወጣኝም፤ ይኸን ማንም ሊመሰክር ይችላል።

ጀሊል ሊወጣ በሩን ያዘና "እጅህስ እንዴት ነው?" አለኝ። "ደህና ነው" አልኩት። ስለ እጄ ማን አነሣ?

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ጸጉር ቤት። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ደንበኞች፦

"ያ ከጄዳ የመጣው የአብዱልጀሊልን ዕቃ ወሰደ አሉ።"

"የምን ዕቃ?"

"ምን አውቄ? ከመጋዘን ነው አሉ።"

"እህል ይሆናላ! ታዲያ ከመጋዘን ምን ይወሰዳል?"

እኔ ዝም። ምላጩ አንገቴ ላይ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ማን ይናገራል? ተላጭቼ ከጨረስኩም በኋላ ግን ዝም ብዬ ነው የወጣሁት።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ጾም ይገባል። ብርቄ ሥጋ ገዝታ ነበር። እኔ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተኝቼ፣ የጥብስ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። መሲ ከምድጃው ጎን ቆማ፣ በዚያ መጥበሻ ላይ ሥጋውን ትገለብጣለች።

"አጎቴ፣ እንዲህ ያለ ወፍራም ብረት ደብቀህብን ነው? የኛው ያሳርራል፤ ይኸ እይ እንዴት እንደጠበሰ!"

አልጮኽኩም። ምን ብዬ ልጩህ? ልጅቷ መጥበሻ አየች፣ ሥጋ ነበራት።

ሦስት ጉርሻ በላሁ። 

ኅዳር 15

በአመድ። በአሸዋ። በኦሞ። እንደገና በአመድ።

ሽታው ጠፍቷል። ምንም ምልክት የለም። ቢታይ ማንም አይለይም። ማንም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አንዋር አልመጣም። መንገድ ተዘግቷል አሉ። ተመስገን ብዬ አፈርኩ፤ ሰው መንገድ ላይ ቀርቶ እኔ ተመስገን እላለሁ።

በሙህዲን ምግብ ቤት በር አለፍኩ። የምሳ ሰዓት ሆኖ ሦስት ሰው ብቻ። አየኝና ወጣ።

"ጋሼ ሣህሌ፣ ትንሽ ላስቸግርዎት። ለአባ ጀሊል አንድ ነገር ይንገሩልኝ። እኔ አልነካሁም፣ ወላሂ። እሱ ምንም አላለኝም፣ ጠይቆኝ ነው የተመለሰው፤ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። ሰውም ያወራል። እርስዎን ይሰማል።"

"እነግረዋለሁ" አልኩት።

"አላህ ይስጥልኝ ጋሼ።"

ይኸን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ብርቄ መጥበሻውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትታ አወጣችው። አሸተተችው።

"ይኸ የጀሊል መጋዘን መጥበሻ ነው።"

"ልጠግነው ነው ያመጣሁት።"

"ጠገንከው?"

አልጠገንኩትም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ብሎኑን ማስገባት አቃተኝ። እሷ ይኸን አልጠየቀችም፤ እጄን ብቻ አየች። እኔም ኪሴ ከተትኩት።

"መሲ በቅበላ ለት የጠበሰችበት ይኸ ነው አይደል?"  ብርቄ ቁጭ አለች። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መጥበሻውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ። ያን ትላችሁን እጠላዋለሁ። ሐሙስን ግን እወደው ነበር። ሐሙስ ስትመጣ ሰው ትመስላለህ።"

ኅዳር 28፣ እሑድ

ጀሊል ሰንበቴ ገበያ ሄዷል። መጥበሻውን ወሰድኩና ከጆንያዎቹና ከግድግዳው መካከል ወሸቅኩት፤ ወድቆ የተረሳ እንዲመስል። ሲገኝ ሁሉም ነገር ያልቃል። ብልሃት ማለት ይኸ ነው።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ጀሊል ትናንት አገኘው። "አልሐምዱሊላህ፣ ለካ እዚሁ ኖሯል!" እያለ ስልክ ደወለልኝ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሙህዲን ቤት ሄዶ ትከሻውን ስሞ ይቅርታ ጠየቀው አሉ።

ዛሬ ደግሞ መናኸሪያ ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሾፌሮች፦

"መልሶታል አሉ።"

"ሲነቃበት ነዋ! ሌባ ካልተነቃበት መቼ ይመልሳል?"

ብልሃቴ ይኸ ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ ማሳመር እጀምራለሁና።

አንዋር ገባ። ጾም ነው፤ ግን እኔና ጀሊል ከጥንት የተስማማንበት ነገር አለ፦ ሥጋም ካልሆነ፣ ዓሣም ካልሆነ፣ ጾም አያውቀውም። ይህን ነፍስ አባቴን ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ስለማውቀው።

መጋዘን ስደርስ ዱካው ሁለት ነበር። ሙህዲን ተጠርቶ አልመጣም። "ሰው ዓይን ውስጥ መግባት አልፈልግም" ብሎ ሽሪምፑን ብቻ አጽድቶ ልኳል። ይኸው፣ የፈለግኩት ሆነ። እኔ፣ ጀሊል፣ መጥበሻው። ጀሊል ደስ ብሎት ያወራል። መጥበሻውን በንጹሕ ጨርቅ ወለወለው። እንደ ልጅ ፊት ነው የወለወለው። ዘይት አደረገበት። ዘይቱ መንጫጫት ጀመረ፤ ጀሊል "ቢስሚላህ" ብሎ እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ።

"ጀሊል፣ ተው።"

"ምኑን?"

"መጥበሻው ሥጋ አይቷል።"

ሳቀ። "ዛሬ ደግሞ በምን ልትመጣብኝ ነው?"

"የክርስቲያን ሥጋ። በቅበላ ለት። እኔ ቤት።"

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። እጁን አነሣ። ቡታጋዙን አጠፋው። ዘይቱ ትንሽ ተንጫጫና ዝም አለ።

"አንተ ነህ የወሰድከው።"

"እኔ ነኝ። መሲ ናት የጠበሰችበት፤ ምንም አታውቅም። እሷን እንዳትቀየም።"

"ስለ መሲ ማን ጠየቀህ? ስለራስህ ንገረኝ። ማል ታቴ፣ ሣህሌ? ምን ነካህ?"

 ከአፌ የወጣው "ከሱ ጋር ሁሉን ትበላለህ" የሚል ነው። "ከኔ ጋር ይኸን ብቻ።"

ጀሊል ሳህኑን ወደ ጎን ገፋው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"በነሐሴ እጅህ ሲቃጠል ጤና ጣቢያ ይዤህ የሮጥኩት እኔ ነኝ" አለ። "እጀታው ነው ብለኸኝ ዝም አልኩህ። እጀታው አይደለም፤ እጅህ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከእሳቱ ላርቅህ ብዬ፣ ሽማግሌ አደረገኝ ብለህ እንዳትቀየም ብዬ፣ የሚጠብስልን ሰው ፈለግኩ። ሙህዲንን ያመጣሁት ለማን መሰለህ?"

በረዶው በሳጥኑ ውስጥ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር።

"ሳልበላበት ነግረኸኛል" አለ በኋላ። "በኔ በኩል አላህ ይቅር ይበልህ። ብረት ነው፤ ይታጠባል፣ ካልታጠበ ይጣላል። የሙህዲን ስም ግን በምን ይታጠባል? ልጅ እያሳደገ ነው፣ ደጁ ሰው አጥቷል።"

"ምን ላድርግ?"

"ወሬውን የበተንከው አንተ ነህ። ሂድና ልቀመው።"

ሽሪምፑ ሳይጠበስ ቀረ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ባለበት። ዛሬ ስምንት ሰው ነበር፤ ግማሾቹ ያውቁኛል። ከበሩ ላይ ቆምኩ።

"የአብዱልጀሊልን መጥበሻ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሙህዲን አልነካም።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

"ጋሽ ሣህሌ ደግሞ!"

"እኔ ደግሞ የቦርከናን ድልድይ ወስጃለሁ፤ አልጋዬ ሥር ነው!"

እኔም ልስቅ ነበር፤ በሽታዬ ይኸ ነው። እንደገና አልኩት። ፊቴ ስላልሳቀ ይበልጥ ሳቁ፤ "አቤት ሲችልበት!" አለ አንዱ። ሕይወቴን ሙሉ ስዋሽ ያመኑኝ ሰዎች እውነት ስናገር አላምን አሉ። ያልሳቀው ሙህዲን ብቻ ነበር፤ ጭልፋውን ይዞ ቆሞ ያየኛል።

ሦስተኛውን እንዲህ አልኩ፦ "መድኃኔ ዓለምን! በጓሮ በር አስገባሁት፤ ሲጠይቁኝ ትከሻዬን ነቅንቄ በሱ ላይ አሳበብኩ። ቀንቼ ነው።"

"ቀንቼ" ስል ሳቁ ቆመ። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ያን ቃል በሰው ፊት ሲለው ለካ የሚያስቅ ነገር የለውም። አንዱ ሽማግሌ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ።

"በምኔ ነው የቀኑት ጋሼ?" አለ ሙህዲን። "እኔ እኮ ምንም የለኝም።"

 "ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ጨረሱ?"

"ጨረስኩ።"

"እንግዲያ በሩን ይልቀቁልኝ። ሰው ሊገባ ነው።"

ዞር ብዬ ሳይ እውነትም ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር።

ታኅሣሥ 5

መሲን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። አለቀሰች። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለች። አይደለሽም አልኳት። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ጀሊል አሮጌውን መጥበሻ ሰው አስይዞ ላከው። "ለልጄ ለመሲ፤ እሷ ትጠብስበት" የሚል መልእክት። ለኔ ምንም አላለም።

ሙህዲን ቤት በምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ሰው። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቆጠርኩ።

ታኅሣሥ 13

እጄን ለማሳየት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ብርቄ አብራኝ ሄደች። ደሴ ሂድና ተመርመር አሉኝ። ከበዓል በኋላ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

የአንዋር ጥሩንባ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ያልተጠራሁበት አልሄድም ብዬ ፍሪጅ ውስጥ ጭንቅላቴን ቀበርኩ። ስልኩ ጠራ።

"ሬሳ ነህ እንዴ፣ ሰው እንዲሸከምህ የምትጠብቀው?" ጀሊል ነው። ዘጋው።

የፍሪጁ ባለቤት "ወዴት ነው?" አለኝ። "ሽሪምፕ ልበላ" አልኩት። አላመነኝም።

መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ዱካ ነበር። ሙህዲን ከምድጃው ጋ ነበር፤ አልተነሣም፣ ግን ሰላምታዬን መለሰ። ቡታጋዙ ላይ አዲስ መጥበሻ ተጥዷል፤ ወረቀቱ እጀታው ላይ እንደተለጠፈ ነው። ስስ ነው፣ ብረቱም ተራ ነው፤ ጀሊል ዕቃ መምረጥ አያውቅም። ለሁለቱ ቢሆን የሙህዲን ቤት መጥበሻ ሞልቶላቸዋል። ይኸን ለምን እንደገዛ አልጠየቅኩትም።

"ጋሼ፣ ዛሬ አይቀልዱም?" አለ ሙህዲን ጀርባውን እንደሰጠኝ።

"ጾም ላይ ነኝ።"

ትከሻው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ስቆ ይሁን ዘይት ፈንጥቆበት አላየሁም።

ሳህኑ መካከላችን ተቀመጠ። ጀሊል አገላብጦ አገላብጦ ትልቁን መረጠና አነሣው። አፌን ከፍቼ ነበር። እጁ በፊቴ አልፎ ሄደና ሙህዲንን አጎረሰው።

ቀናሁ። ግን ዛሬ ከሳህኑ ፊት ተቀምጬ ነው የቀናሁት።